ያልጠበበው ብሌን

መምህር ቶማ ዱላ አይዝም ነበር። በቦምቤ ከተማ ዳር ባለው ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሳይንስና ባዮሎጂ ሲያስተምር፣ አንድ ቀን እንኳ አርጩሜ ይዞ ክፍል ሲገባ ያየው የለም። «ተማሪ መምታት ክልክል ነው» የሚል ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ሌሎቹ መምህራን ሲያጉረመርሙ እሱ ዝም ብሎ ፈገግ ይል ነበር። ወላጆችም ልጃቸው እሱ ክፍል እንዲደርሰው ርእሰ መምህሩን ደጅ ይጠናሉ። ቶማ ይህን ሁሉ ያውቃል። ሰው ስለ ራሱ አንድ ጥሩ ነገር ካወቀ በኋላ ደግሞ የቀረውን ለመመርመር ይሰንፋል።

በ2002 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ እንደየዓመቱ ሁሉ፣ ለስምንተኛ ክፍል ስለ ዓይን የሚያስተምርበት ሳምንት ደረሰ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ልጆቹ ግን ነገሩ የሚገባቸው በወላይትኛ ሲፈታላቸው ነው። ቶማ ከሥጋ ቤት የበሬ ዓይን ለምኖ በላስቲክ ቋጥሮ አመጣ። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘረጋና ዓይኑን በምላጭ ከፈለው። ፊት ወንበር ላይ ያሉት አፍንጫቸውን ያዙ፤ ኋላ ያሉት ወንበር ላይ ቆሙ።

«ቋንቋችን ዓይንንም የዛፍ ፍሬንም አይፊያ ይላል» አላቸው። «ፍሬ ሲቆረጥ ውስጡ ዘር ይገኛል። እዚህ ውስጥስ ምን አለ?»

ከውስጡ እንደ በረዶ ጠጠር የጠራች ሌንስ አወጣና ጋዜጣው ላይ አስቀመጣት። ከሥሯ ያለው ፊደል ገዝፎ ታየ። ሰማንያ ሦስት ልጆች በተራ በተራ እየመጡ ጎንበስ ብለው አዩ። ቶማ እንዲህ ባለው ቀን የደመወዙን ማነስ ይረሳዋል፤ ለምን መምህር እንደሆነም ራሱን አይጠይቅም።

ቀጥሎ ሁልጊዜ የሚያደርገውን ሙከራ አዘዘ። «ሁለት ሁለት ሆናችሁ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አንዳችሁ ሁለቱን ዓይኖቻችሁን በመዳፋችሁ ሸፍኑና እስከ ሃያ ቁጠሩ። ከዚያ ፊታችሁን ወደ መስኮቱ አዙራችሁ ግለጡ። ጓደኛችሁ መሐል ላይ ያለችውን ጥቁር ክብ፣ ብሌኗን ይመልከት። ምን እንደምትሆን ንገሩኝ።»

ክፍሉ በቁጥር ተሞላ። ትንሽ ቆይቶ «ጠበበች! ጠበበች!» የሚል ጩኸት ከየአቅጣጫው ተነሣ። ሳቅ ሆነ። ቶማ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በወንበሮቹ መሐል ሲዘዋወር፣ በግድግዳው በኩል ከተደረደሩት ወንበሮች አንዲት ልጅ ብድግ አለች። ሣራ ትባላለች፤ በዚያው ዓመት ከአረካ የተዛወረች ናት።

«ቲቸር! የቤቴል አንደኛው አይጠብም!»

ቤቴል ሶርሳ ከክፍሉ ጎበዞች አንዷ ነበረች፤ ከሦስተኛ ደረጃ ወርዳ አታውቅም። ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከወንበሩ በስተግራ ጫፍ፣ ትከሻዋን ከግድግዳው አስጠግታ ነው። ቶማ መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ። «ድገሚው እስቲ» አላት። አልደገመችም። አገጯን በጣቱ ቀና አድርጎ ፊቷን ወደ ብርሃኑ መለሰ። የቀኝ ዓይኗ ብሌን የምስር ፍሬ አክላለች። የግራዋ እንደተከፈተች ቀርታለች።

ቀኝ ዓይኗን በመዳፉ ሸፈነና ሌላውን እጁን ፊቷ ላይ ዘረጋ። «ስንት ጣት ነው?»

ቤቴል ጥቂት አሰበች። «ሁለት።»

ጣት አላነሣም ነበር፤ የጨበጠ እጁን ነበር ያሳያት።

አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ፤ ወዲያው ግን ሳቁ ተቆረጠ። ቶማ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «እኔ እንጃ» አለች። ዞር ብሎ ክፍሉን ቃኘ፤ አብዛኞቹ ልጆች አቀርቅረዋል። ለጓደኛቸው አዝነው ነው ብሎ አሰበ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ በልቡ ጥግ ትንሽ ደስ ብሎት ነበር። ትምህርቱ ከመጽሐፍ ወጥቶ የተደበቀ ችግር አገኘ። ይህን በመምህራን ስብሰባ ላይ እንደሚያነሣው እንኳ አሰበ።

በዚያው ቀን ከትምህርት በኋላ የቤቴል ቤት ድረስ ሄደ። አባቷ አቶ ሶርሳ ዝንጅብልና ቦይና የሚባለውን ሥራ ሥር የሚያመርት፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቁጥብ ሰው ነው። ቶማ የነገረውን ሲሰማ እጁ ላይ ያለውን አፈር ማራገፉን ትቶ ቆመ።

«ዓይኗ? የኔ ልጅ ዓይን?»

«ግራው ምንም አያይም፣ አቶ ሶርሳ። እርስዎ አስተውለው አያውቁም?»

«ውሃ ትቀዳለች፣ ታነባለች፣ መዝሙር ቤት ትሄዳለች። ምኑን ላስተውል?» ወደ ቤቱ በር ተመለከተ፤ ቤቴል በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ቤቴል፣ እውነት ነው?» ልጅቷ ወደ ውስጥ ገባች።

ሶርሳ ማሳውን ጥሎ መሄድ አልሆነለትም፤ ከተማም አይመቸውም። ቶማ «እኔ ሶዶ እወስዳታለሁ» አለ። አባትየው የቶማን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ። «እግዚአብሔር ልጆችዎን ይባርክልዎ፣ መምህር። እኔ አባቷ ያላየሁትን እርስዎ አዩልኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ተነሡ። ከቦምቤ አረካ፣ ከአረካ ሶዶ። ሚኒባሱ ውስጥ ቤቴል በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋለች። ቶማ ሊያጽናናት ብሎ ስለ ሕክምና፣ ስለ መነጽር፣ ሌንስ ስለሚቀይሩ ሐኪሞች ብዙ አወራላት። ብዙ ከተጓዙ በኋላ ነው አፏን የከፈተችው።

«ቲቸር፣ የማያይ ዓይን ጨለማ የሚያይ ይመስልዎታል?»

«እንግዲህ ብርሃን ካልገባ ጨለማ ነው የሚሆነው።»

«አይደለም። ጨለማማ ሲመሽ ይታየኛል። ከጀርባዎ በኩል አሁን ምን ይታይዎታል?»

ቶማ አሰበ። «ምንም።»

«እንደዚያ ነው» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ቶማ ለአሥራ አንድ ዓመት ስለ ዓይን ሲያስተምር ይህን ማንም ነግሮት አያውቅም። አሁንም አስተማሪነቱ በልጦበት፣ ለሚቀጥለው ዓመት ክፍል ይሆነኛል ብሎ በልቡ ያዘው።

ሶዶ የዓይን ክሊኒኩ በራፍ ላይ እስከ ቀትር ተሰልፈው ቆዩ። የዓይን ነርሱ ይስሐቅ የሚባል ዝግ ያለ ወጣት ነው። ጠብታ አደረገላት፣ ጠበቀ፣ ከዚያ አገጯን በመሣሪያው ላይ አሳርፎ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ቀና ሲል ለቶማ ነገረው።

«በሽታ አይደለም። ምት ነው። ከባድ ነገር ፊት ለፊት መትቷታል። ብሌኑን የሚያጠበው ጡንቻ ተቀዷል፣ ብርሃን የሚቀበለው የውስጡ ልባስ፣ ሬቲናውም፣ ከቦታው ለቋል። ሁለት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም።»

«አሁን ምን ይደረጋል?»

«ያኔ በሳምንቱ መጥታ ቢሆን ወደ አዲስ አበባ እንልካት ነበር፤ ተስፋ ነበረው። አሁን ግን የቀረውን ዓይን መጠበቅ ነው።» ወደ ቤቴል ዞረ። «ምንድን ነው የመታሽ፣ እኅቴ?»

«ወደቅሁ። ግንድ ላይ።»

ይስሐቅ ካርዱ ላይ ሊጽፍ ብዕሩን አንሥቶ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ የነገረችውን ጻፈ። ሲሸኛቸው ግን ቶማን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ «የወደቀ ሰው መጀመሪያ ቅንድቡን ነው የሚሰነጥቀው» አለው። «የቤተሰቡን ሁኔታ ይጠይቁ።»

ቶማ ከክሊኒኩ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሲቃጠል ሄደ። ያ እጁን ይዞ የጎነበሰው ሶርሳ፣ «ምኑን ላስተውል» ያለው ሰው! ሚስቱ የሞተችበት፣ ብቻውን ልጅ የሚያሳድግ ገበሬ፤ ተናዶ የወረወረው መቆፈሪያ ይሆናል። ነገሩ ሁሉ በልቡ ተሰካክቶ አለቀ። አረካ ሲደርሱ ዝናብ ጣለ፤ የቦምቤ መኪና እስኪሞላ አንድ የስልጤ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቶማ ጎንበስ ብሎ ጠየቃት።

«ቤቴል፣ አትፍሪኝ። አባትሽ ነው?»

ልጅቷ በድንጋጤ ቀና አለች። «አባቴ ምን?»

«የመታሽ።»

«አባቴ? አባቴ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ጮሆብኝ እንኳ አያውቅም!»

«አትሸፍኚለት። ነርሱም አውቆታል። ነገ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ። ማንም ይሁን ማን፣ የልጅ ዓይን አጥፍቶ ዝም አይባልም።»

ቤቴል የቦርሳዋን ማንጠልጠያ በጣቷ መጠምዘዝ ጀመረች። ጠመዘዘችው፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠመዘዘችው።

«እርስዎ ነዎት፣ ቲቸር» አለች።

ቶማ በዝናቡ ጩኸት የተነሣ በትክክል የሰማ አልመሰለውም። «ምን አልሽ?»

«ስድስተኛ ክፍል ሳለን። ሳይንስ ያስተምሩን ነበር። ከኋላዬ ያሉት ወንዶች ሲስቁ እርስዎ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ነበር። ዞር ብለው ዳስተሩን ወረወሩት። ለእነሱ ነበር። እኔ ቀና አልኩ፤ በእንጨቱ በኩል እዚህ መታኝ።» ጣቷን ከግራ ዓይኗ በታች አሳረፈች። «ውጪና ታጠቢ፣ ቶሎ ተመለሺ አሉኝ። ታጥቤ ተመለስኩ።»

ቶማ ለማስታወስ ሞከረ። የልጅቷን ፊት፣ ቀኑን፣ የወንዶቹን ሳቅ ፈለገ። አላገኘውም። ዳስተር ያልወረወረበት ሳምንት ነበር ወይ? ሲወረውር ልጆቹ ጎንበስ ይላሉ፣ ዳስተሩ ግድግዳ መትቶ በጠመኔ አቧራ ይጨሳል፣ ክፍሉ ይስቃል፤ እሱም ይስቃል። መምታት ብሎ ቆጥሮት አያውቅም። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ የወረወረው ሁሉ አንድ ላይ ተደባልቆ ይታየዋል፤ ይህችን ልጅ የመታበት ግን የለም።

ያን ዕለት ክፍል ውስጥ አቀርቅረው የነበሩት ልጆች አሁን ትዝ አሉት። አብዛኞቹ ስድስተኛ ክፍልም አብረው ነበሩ። ሁሉም ያውቃሉ። ሣራ ብቻ ናት አዲስ የመጣችው።

«ለምን አልተናገርሽም?» ብሎ ጠየቃት።

«ለማን?»

ቶማ ዓይኑን ወደ ዝናቡ መለሰ።

«እብጠቱ ቶሎ ስለጠፋ መጀመሪያ ይሻለኛል ብዬ ነበር» አለች ቤቴል። «ከዚያ ደግሞ አባቴ ቢሰማ ይመጣና ይመታዎታል። ይታሰራል። እኔም ትምህርቴ ይቀራል። እባክዎ ቲቸር፣ አይንገሩት። ፈተናው ሁለት ወር ነው የቀረው። ግንድ ላይ ወደቀች ይበሉት።»

ቦምቤ ሲደርሱ ሶርሳ መኪና ማቆሚያው ላይ ዝናብ ሲመታው ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። ገና ሳይወርዱ በመስኮቱ በኩል «እንዴት ሆነች?» አለ። ቶማ አፉን ከፈተ። ቤቴል ታየዋለች።

«ግንድ ላይ ወድቃ ኖሯል» አለ ቶማ። «ቆይቷል። የሚደረግ ነገር የለም አሉ።»

የልጅቷን ልመና ማክበሩ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። ግን የለመነችው ነገር ለእሱም የሚመች ነበር፤ ሌሊት ሲገላበጥ የሚወጋው ይኸው ነው። ልጅቷን ብሎ ይሁን ራሱን ብሎ ዝም ያለው መለየት አቃተው።

በሳምንቱ ሶርሳ ቀይ አውራ ዶሮ ታቅፎ ቶማ ቤት መጣ። ቶማ አልቀበልም አለ፤ ሶርሳ ግን «የድሃ ምስጋና አይመለስም» ብሎ ዶሮውን ለቶማ ሚስት ለዓመለወርቅ አስጨብጧት ሄደ። እሑድ ወጡ ቀረበ። ቶማ አንዴ ጎርሶ ተነሣ።

«ምን ሆነሃል ሰሞኑን?» አለችው ዓመለወርቅ።

«ሆዴን ነው።»

ክፍል ውስጥ ዳስተሩን በጨርቅ ቀየረው። ልጆቹ ድሮ ቀልድ ሲያመጣ ይስቁለት ነበር፤ አሁን ይቀልድ እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ቤቴል እዚያው ግድግዳዋ ሥር ተቀምጣ ማስታወሻዋን ትጽፋለች። ጥያቄ ሲጠይቅ እጇን ታወጣለች፤ መልሷም ትክክል ነው። እሱ ግን ስሟን ሲጠራ ፊቷን ማየት ተሳነው።

ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለቀ። በማግስቱ ቶማ ወደ ሶርሳ ማሳ ወረደ። ሶርሳ ዝንጅብሉን ያርም ነበር። ቶማ አልተቀመጠም፤ ቆሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረው። ዳስተሩን፣ «ታጠቢና ተመለሺ» ማለቱን፣ አረካ በረንዳው ላይ የሰማውን፣ መኪና ማቆሚያው ላይ የዋሸውን፤ ምንም አላስቀረም።

ሶርሳ መኮትኮቻውን መሬት ላይ አኖረና ቀስ ብሎ ተነሣ። እስከዚያ ቀን ቶማን «እርስዎ» ብሎ እንጂ ጠርቶት አያውቅም።

«አንተ ነህ?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ዶሮዬን ይዤ ቤትህ ስመጣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ቶማ ምት ጠበቀ። እንዲያውም ተመኘ። ሶርሳ ግን የጉልበቱን ጭቃ አራግፎ ወደ ቤቱ ሄደና በሩን ዘጋ። ቶማ ካፊያው እስኪበረታ ድረስ ማሳው ውስጥ ቆሞ ቀረ።

ነገሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሄደ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በጓሮው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሶርሳ፣ ቶማ፣ ቤቴል። ቶማ ቆሞ ተናዘዘ። ካሳ ተብሎ ሲነሣ ሶርሳ ራሱን ነቀነቀ። «ሥጋ አልሸጥኩም» አለ። በመጨረሻ ዋናው ሽማግሌ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ልጄ፣ መምህርሽ ይቅርታ ይጠይቅሻል። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ቤቴል ተነሣች። ቶማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«አይንገሩት ብዬ ነበር» አለች።

«ፈተናው እስኪያልፍ ጠብቄያለሁ» አለ ቶማ። «ከዚያ በኋላ ግን መያዝ አቃተኝ፣ ቤቴል።»

«እኔ ሁለት ዓመት ይዤዋለሁ» አለች። የደከመች ትመስል ነበር። «ዓይኔን ሳያስቡ ነው የመቱኝ፣ ይህን አውቃለሁ። ለአባቴ መንገሩን ግን አስበውበት ነው ያደረጉት። አባቴ ካወቀ ጀምሮ እህል አይበላም። ‹እንዴት አላየሁም› እያለ ፊቴን ብቻ ያያል። እርስዎ ቀለልዎ። ሸክሙ የወረደው እሱ ላይ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሶርሳ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ዋናው ሽማግሌ ጸሎት አደረጉ፤ ሁለቱ ሰዎች ተጨባበጡ፤ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባለ። ቤቴል ግን ቀድማ ወጥታ ሄዳ ነበር።

ቶማ የሆነውን ሁሉ በጽሑፍ አድርጎ ለአለቆቹ አቀረበ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት፤ በራሱ ጥያቄም ወደ ዲምቱ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ዓመለወርቅ ዕቃ ስታስር አለቀሰች፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሯቸው ከኖረው ጎረቤት ሊሸኛቸው የወጣው በጣት የሚቆጠር ነበር። ውጤት ሲመጣ ቤቴል ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥታለች ሲባል ሰማ። ሶርሳ ቦዲቲ ያለች እኅቱ ዘንድ ላካት፤ ዘጠነኛ እዚያ እንድትማር። ቦምቤ ውስጥ ሰው ሁሉ ፊቷን እያየ ስለሚያልፍ መቆየት አልፈለገችም አሉ።

ዲምቱ ላይ ቶማ ጥሩ መምህር ነው ይባላል፤ ዝምተኛ ነው ግን። ስለ ዓይን የሚያስተምርበት ሳምንት ሲመጣ ሰሌዳው ላይ ሥዕል ይሥላል፣ ስሞቹን ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። «ቲቸር፣ እውነተኛ ዓይን አያሳዩንም?» ብሎ የጠየቀው አንድ ልጅ ነበር፤ «መጽሐፉ ይበቃል» አለው።

በሦስተኛው ዓመት፣ በጥር፣ ለሥራ ጉዳይ ቦዲቲ ወርዶ ሳለ ከሶርሳ ጋር ገበያው መሐል ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሶርሳ ጥላ ይዟል፤ ጸጉሩ ሸብቷል። መሸሻ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን አስታርቃቸዋለችና ሶርሳ እጁን ዘረጋ፤ ቶማም ጨበጠው።

«ደኅና ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»

«ደኅና ነኝ።»

በአገሩ ደንብ ቀጥሎ ስለ ሚስት፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ እርሻ ይጠየቃል፤ ሁለት ሰው ሳይጠያየቅ አይለያይም። ሶርሳ አልጠየቀም። ቶማም ቤቴል እንዴት ናት አላለም። እጃቸው ለጥቂት ጊዜ እንደተያያዘ ቆየ፤ ከዚያ ሶርሳ በቀስታ እጁን ስቦ በሰው መሐል ወደ ጨው ተራ ሄደ።